የኡስታ ኢድሪስ ብየዳ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌሎቹን ኃጢአቶቼን በየተራ ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልሁ ኖሬአለሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት እሳቸው ስለ ብረት ምን ያውቃሉ የሚል ነበር። ምክንያቱ ሐሰት ነው። የደበቅኋቸው ስለ ብረት ስለማያውቁ ሳይሆን ስለ ሐሰት ምስክርነት ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። እናንተ የምታነቡት ግን አታውቁኝም፤ ፊታችሁንም አላይም። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ከሁሉ ይቀላል። ቀላሉን መምረጤንም ከጥፋቴ ጋር ቁጠሩት።

ያደረግሁት ይህ ነው፦ አንድ ሰው በትክክል የሠራውን ሥራ አበላሸሁ፤ ከዚያም ያበላሸው እሱ ራሱ ነው ብዬ በሽማግሎች ፊት መሰከርሁ። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የምጽፈው ግን እንዲያቃልልልኝ አይደለም፤ ሰው ጥፋቱን በጥቅሉ ሲናገር ግማሹን እንደሚደብቅ ከራሴ ስለተማርሁ ነው።

ያን ጊዜ፣ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ በመተማ ቆላ በአንድ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ የማሽነሪ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በብረታ ብረት ባሕርይ፣ ይበልጡንም ብረት ለምን እንደሚሰበር በሚያጠናው ክፍል ነው። በእርሻው ውስጥ ከእኔ በላይ የተማረ አልነበረም፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳው ፈቅጄ አላውቅም። ትራክተር ነጂዎቹ ፊት ለፊት «ኢንጂነር» ይሉኛል፤ ዞር ስል የሚሉኝን እዚህ አልጽፈውም። አልወደዱኝም፤ እኔም አልወደድኋቸውም። እስከዚህ ድረስ ማንም ማንንም አልበደለም።

ሰሊጡ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ የጉልበት ሠራተኛው ወደ ደጋ ሳይመለስ በፊት፣ በባዶው ማሳ ላይ የሞተር ውድድር ይደረጋል። ሞተሮቹ ከፋብሪካ እንደወጡ አይደሉም። ባለቤቶቻቸው የጭቃ መከላከያውን ፓራፋንጎ ይነቅላሉ፤ ድምፁ ከሩቅ እንዲያስደነግጥ ማርሚታውን ይቆርጣሉ፤ መቀመጫውን በፍየል ቆዳ ያለብሳሉ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሲደርቅ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ስለሚሞላ፣ የኋላውን ጎማ የሚይዙትን ሁለት ክንዶች በብየዳ ያስረዝማሉ፤ ሞተሩ ረዘም ሲል ስንጥቁን ሳይዘል ያልፈዋል፣ ቀን ቀን ደግሞ ጆንያ ይጭንበታል። እያንዳንዱ ሞተር ስም አለው፣ ደጋፊ አለው፣ ጠላት አለው። ከመተማ ዮሐንስ ነጋዴዎች በፒካፕ ይመጣሉ፤ ከሽንፋ ወጣቶች በሞተር ተፈናጥጠው ይመጣሉ፤ የጎጃምና የወሎ አጫጆች በየአገራቸው ተቧድነው ከዳር ይቆማሉ።

በዚያ ዓመት እኔም ሞተር ሠራሁ። ነጂው ደሳለኝ ይባላል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ በዚያው የቀረ፣ ሰው በሞተር እያመላለሰ የሚተዳደር፣ ሳቁ የማያልቅ ወጣት ነበር። የክንዶቹን ርዝመትና የመቀመጫውን ቁመት አስልቼ ሰጠሁት። ሽቦዎቹንም እንደሌሎቹ እንዲንጠለጠሉ አልተውኋቸውም፤ በሥርዓት ገመድሁና ከሻንሲው ጋር አሰርኋቸው። የሽንፋ ልጆች ይህን ሲያዩ «ኢንጂነሯ ለሞተሯ ሹሩባ ሠራችላት» አሉ። በማግስቱ ቀልዱ ገበያ ደረሰ። ደሳለኝ አልተናደደም። ሞተሯን «ሙሽሪት» ብሎ ሰየማትና አብሯቸው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በሕይወቴ ያን ሞተር አንደኛ ሲወጣ ማየት የፈለግሁትን ያህል የፈለግሁት ነገር ጥቂት ነው። የፈለግሁት ደሳለኝ እንዲያሸንፍ ነበር? አይደለም። እኔን የሳቁብኝ እንዲያፍሩ ነበር።

ብየዳውን የሠሩት ኡስታ ኢድሪስ ናቸው። በዚያ አገር በእጁ ሥራ የታወቀን ባለሙያ ኡስታ ይሉታል፤ ቃሉ ከወዲያ ማዶ፣ ከሱዳን የመጣ ነው። ያን ጊዜ ጢማቸው መሸበት ጀምሮ ነበር። ድንበሩ ላይ በሁለቱም ወገን የሚታወቁ በያጅ ነበሩ። ጄነሬተራቸውንና የብየዳ ማሽናቸውን በጋሪ ጭነው የተሰበረ ትራክተር ወዳለበት ይሄዳሉ። ከእኔ ጋር ሙግት ኖሯቸው አያውቅም። የነገርኋቸውን ይሰማሉ፤ የማይስማሙበትን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራሉ።

በውድድሩ ዕለት ረፋዱ ላይ ደሳለኝ ለሙከራ ሲዞር የግራው ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰነጠቀ። የስሌት ስሕተት ነበር፤ ስሌቱም የእኔ ነው። ይህንንም ለማንም አልተናገርሁም። ሌላ ወፍራም ብረት ስላልነበረ ከተጎታች የወለቀ ባሌስትራ፣ ጭነት የሚሸከም የሞላ ብረት ቁራጭ፣ ተቆርጦ እንዲለጠፍበት አዘዝሁ። ባሌስትራ ለብየዳ የሚመች ብረት አይደለም፤ ካርቦኑ ከፍተኛ ነው። ተበይዶ ገና እንደጋለ በድንገት ከቀዘቀዘ ይጠነክራል፤ ጥንካሬው ግን የመስታወት ጥንካሬ ነው። ኡስታ ይህን ከልምድ ያውቁታል። እኔ ከልምድም ከመጽሐፍም አውቀዋለሁ፤ መመረቂያዬ ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ኡስታ መጀመሪያ ክንዱን ፈትተው ብረቱን በሰሊጥ አገዳ እሳት አሞቁት። ከዚያ በየዱት። ከዚያም ከነክንዱ በትኩስ አመድ ውስጥ ቀበሩት። ሥራቸው እንከን አልነበረውም። ይህን እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ሥራቸው እንከን አልነበረውም።

በውድድሩ ከተሰለፉትም ከተመልካቹም እኩሌታው እስላም ስለሆነ ውድድሩ የሚጀመረው ሰጋጆች ከከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲመለሱ ነበር። ደንቡ የቆየና የተከበረ ነው፤ ሰጋጆች ተመልሰው መስመሩ ላይ ያላገኙት ሞተር ከውድድሩ ይወጣል። ኡስታ ለመስገድ ሲነሡ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንጂነር፣ ይኸ ብረት ቁጡ ነው። በራሱ ጊዜ ይብረድ፤ ሰው አይንካው። ካልደረሰ ይቅር፣ ለከርሞ ሌላ ውድድር አለ።»

እሺ አልኋቸው። ሄዱ። ደሳለኝ ከጎጃም ልጆች ጋር እየጨፈረ ነበር። ከሽንፋዎቹ አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ አመዱን አየና «ሙሽሪት ታማለች መሰል፤ ወይስ ጫጉላ ገብታ ነው?» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ።

በቆላ የሚጠጣ ውሃ የሚቀዘቅዘው ጅሪካኑን በእርጥብ ጆንያ በመጠቅለል ነው። የእኛም ጅሪካን እዚያው ጥላ ሥር ተሰቅሎ ነበር። ጆንያውን ፈታሁት። አመዱን በእንጨት ገለጥሁ። እርጥቡን ጆንያ ብየዳው ላይ ጠመጠምሁት። ብረቱ ጮኸ፤ የተቃጠለ ቃጫ የሚሸት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ጩኸቱ እስኪያልቅ ያዝሁት። ከዚያ ጆንያውን ወደ ጅሪካኑ መለስሁና አመዱን እንደነበረው ከመርሁበት።

ማንም አላየኝም። ሳላውቅ ነበር እንዳልል መመረቂያዬ አለ። ተቻኩዬ ነበር እንዳልል ጆንያውን በቦታው መልሼ አመዱን ከምሬአለሁ። ታዲያ ምን አሰብሁ? አንዲት ከሰዓት ይይዛል አልሁ። ምናልባት ይይዛል። በዚያ «ምናልባት» ላይ የሰው እግር እንዳለ አላሰብሁም? አሰብሁ። አሰብሁና አለፍሁት። እስከ ዛሬ ልመልሰው ያልቻልሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ያንን ምዕራፍ የጻፈችው ሴትና ያንን ጆንያ የያዘችው ሴት አንድ ከሆኑ፣ መማሬ ለማን ጠቀመ?

ኡስታ ከሌሎቹ ሰጋጆች ቀድመው ሲመለሱ አመዱን ገለጡና የእጃቸውን ጀርባ ብረቱ ላይ አሳረፉ። «በረደ እንዴ? ፈጠነ» አሉ። ነፋሱ ነው አልኋቸው። በዚያ ከሰዓት የሰሊጥ ገለባ የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ አልነበረም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ክንዱን በቦታው አሰሩት። አመኑኝ። የዋሸኋቸው በሚገባቸው ቋንቋ አልነበረም፤ በዲግሪዬ ነበር የዋሸኋቸው።

ደሳለኝ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይመራ ነበር። ደስታዬን አልክድም። አጫጆቹ ስሙን እየጠሩ ከዳር ዳር ይሮጣሉ፤ የሽንፋዎቹ ድምፅ ጠፍቷል። ከዚያ ማሳው ወደሚታጠፍበት ጥግ ሲገባ የግራው ክንድ ከብየዳው ላይ በአንድ ጊዜ ተሰበረ። የኋላው ጎማ ተቆለፈ። ሞተሩ ደሳለኝን ይዞት ወደቀ፤ ከኋላው የመጣው ማቆም አልቻለምና በጉልበቱ ላይ አለፈበት። የጉልበቱ ድምፅ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰማኝ ብል አታምኑኝም፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ጎንደር ሆስፒታል ተወሰደ። እግሩ ተረፈ፤ ጉልበቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፈም። ጎጃም እናቱ ቤት ገባ። አጨዳ ጎንበስ ማለትን ይጠይቃል፤ ሞተርም ጉልበት ማጠፍን።

የጎጃም ልጆች በያጁን ካላገኘን አሉ። ነገሩ ከሃይማኖት ሳይገባ ሽማግሎች ቶሎ ተሰበሰቡ፤ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ወገን፣ በትልቁ የዲዛ ዛፍ ሥር። ኡስታ ኢድሪስ መጽሐፋቸውን ይዘው «የእጄን ሥራ አላጎደልሁም» ብለው ማሉ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ መሐላ ነገር ይዘጋል፤ ሽማግሎቹም ሊዘጉት ፈልገው ነበር። ነገር ግን አንድ የተማረ ሰው ነበረ፤ እንዲጠየቅም ተባለ። የሸመገሉት ዋናው ሰው፣ ሁሉ አባ ነጋ የሚሏቸው አዛውንት፣ የተሰበረውን ቁራጭ አስጨበጡኝ።

«ልጄ፣ እኛ መሐይሞች ነን» አሉ። «ብረቱ የሚለውን አንቺ ንገሪን።»

ብረቱ የሚለውን አነበብሁት። የስብራቱ ፊት እንደ ጥሬ ጨው ያብለጨልጭ ነበር። በደንብ ያልተበየደ ብረት እንዲህ አይሰበርም፤ እንዲህ የሚሰበረው በራሱ ጊዜ ሳይበርድ በድንገት የቀዘቀዘ ብረት ነው። ለተማሪ የሚታይ መልክ ነው። ከሽማግሎቹ ሁሉ ይልቅ ብረቱ በእጄ ውስጥ ሆኖ ያየኝ መሰለኝ።

«ብየዳው አልያዘም» አልሁ።

አሁን ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ቃሉን መርጬ ነበር። ብየዳው በእርግጥ አልያዘም፤ ማንም ውሸት ነው ሊለኝ አይችልም። አባ ነጋ ግን ብልህ ሰው ነበሩ፤ በዚያች ጠባብ በር እንድሾልክ አልፈቀዱልኝም።

«ጥፋቱ የበያጁ ነው እያልሽን ነው?»

«አዎን።»

ኡስታ አልጮኹም። ቁራጩን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «እኔስ የያዘ መስሎኝ ነበር» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «እሷ ካለች ግን እጄ ነው።» ማሽናቸውንና ጄነሬተራቸውን ለደሳለኝ ካሳ አስረከቡ። ይህ ተወስኖባቸው ነው። ሌላው ግን ያልተወሰነባቸው ነበር፤ ሳላውቅ በሐሰት ምያለሁ ብለው ለመሐላቸው ማካካሻ ጾሙ። እውነት ለሆነ መሐላ ጾሙ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ምሳ እየበላሁ ነበር፤ መብላቴን አላቆምሁም። ከዚያ የድንበሩን ድልድይ ተሻግረው ወደ ሱዳኗ ገላባት ሄዱ፤ በዚያም ብየዳ አለመንካታቸውን ሰማሁ። እርሻው ጠቡን ስላበረድሁ አመሰገነኝ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ወደ ጎንደር ወጣሁና ማስተማር ጀመርሁ። የማስተምረው ብረት ለምን እንደሚሰበር ነው።

እስከዚህ ያለው የድሮ ጥፋት ነው። የድሮ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ከእሱ ጋር መኖር ለምጄ ነበርና።

ማዶ ጦርነቱ ሲነሣ ሕዝቡ በድልድዩ ወዲህ ጎረፈ። በኋላ ለጥናት መተማ ዮሐንስ ወርጄ ሳለሁ የጉምሩክ ወረፋ ከሚጠብቁት የጭነት መኪናዎች ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ የተቀደዱ ጅሪካኖችን በጋለ ቢላ ሲጠግኑ አየሁ። ፕላስቲክ ነው የሚጠግኑት። ኡስታ ኢድሪስ መሆናቸውን ሳውቅ ለማለፍ ሞከርሁ፤ እሳቸው ግን ቀድመው አወቁኝ። ተነሥተው እጅ ነሡኝ፤ የቤተሰቤን ደኅንነት ጠየቁ፤ ለባለመኪኖቹ «የእኛ ኢንጂነር ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር ነበር» አሉ። «እንዳትቀየሚኝ። ለማወቅ ብቻ ነው። የት ላይ ነው የተሳሳትሁት?»

በዚያች ደቂቃ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ሽማግሌ የለም፣ የጎጃም ልጆች የሉም፣ የሚስቅብኝ የለም። እውነቱን ብናገር የምከፍለው ዋጋ የአንድ ሽማግሌ ዓይን ብቻ ነበር። እሱን እንኳ አልከፈልሁም። ምን አልሁ? እንዲህ አልሁ፦

«የማሽኑ ኃይል አንሶ ነበር፣ ኡስታ። ብረቱ ወፍራም ስለሆነ እሳቱ ጠልቆ አልገባም። ከፍ ቢያደርጉት ኖሮ ይይዝ ነበር።»

ፊታቸው በራ። ዓይናቸው የደከመ፣ ወይም እጃቸው የከዳቸው መስሏቸው ኖረዋል። «አልሐምዱሊላህ፣ የሚታረም ነገር ነዋ!» አሉ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልሁ፤ አሜንም አልሁ።

ዘንድሮ እንደገና ወረድሁ። ጨርቅ በምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ የብረት በሯን አየሁት። ማጠፊያው የተበየደበት ላሜራ በየቦታው ተበስቷል፤ ጠርዙ ተበልቶ ጠቁሯል። ስስ ላሜራ እንዲህ የሚሆነው ከሚችለው በላይ ኃይል ሲለቀቅበት ነው። ማን እንደሠራላት ጠየቅኋት። ሳቀች።

«ኡስታ ኢድሪስ ናቸዋ። የዘመድ ማሽን ተውሰው ጀምረዋል። ዱሮ እጃቸው ወርቅ ነበር ይላሉ፤ እንጃ! አሁንስ ብረቱን ይጠብሱታል። እባክዎ ይቀንሱ ስንላቸው "ኢንጂነሯ ናት ያስተማረችኝ፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ" ይሉናል። ለሽምግልናቸው ብለን ነው የምናሠራቸው።»

የብየዳቸው ድምፅ ከዚያው ከሱቁ ጀርባ ይሰማ ነበር። ልክ የሆነ ብየዳ በዘይት እንደሚጠበስ ነገር በዝግታ ይንጫጫል፤ የእሳቸው ያገሳ ነበር። በእያንዳንዱ ጩኸት አንድ ሰው በረጅም ዕድሜ የሰበሰበውን ዕውቀት እኔን አምኖ ሲያቃጥለው ሰማሁ። ሄጄ በቃ ማለት እችል ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ወደ ጎንደር ተመለስሁ።

ወጣት ነበርሁ አልልም። ሴት ነኝና አዋረዱኝ አልልም፤ አዋርደውኛል፣ ኡስታ ግን ካዋረዱኝ ውስጥ አልነበሩም። ይቅርታም አልጠይቅም። ብጠይቃቸው እንደሚሰጡኝ አውቃለሁ፤ ሳይሰጡኝ አያድሩም፤ የምሸሸውም ይህንኑ ነው። ይህን ኑዛዜ በአማርኛ የጻፍሁት እሳቸው ዐረብኛ እንጂ ይህን ፊደል እንደማያነቡ እያወቅሁ ነው። ስጀምርም አውቀው ነበር። እንግዲህ ስጸጸት እንኳ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆንሁ እዩ።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ሥርየት አይደለም። ወደ መተማ የሚወርድ፣ ከእኔ የተሻለ ድፍረት ያለው ሰው በመካከላችሁ ካለ ኡስታ ኢድሪስን ይፈልግና የሚከተለውን ብቻ ያንብብላቸው፤ ሌላውን ይተወው።

ኡስታ፣ ብየዳዎ ትክክል ነበር። መሐላዎ እውነት ነበር፤ የጾሙትም ጾም አልነበረብዎትም። እርስዎ ሲሰግዱ ብረቱን በእርጥብ ጆንያ ያቀዘቀዝሁት እኔ ነኝ። ስለ ኃይሉ የነገርሁዎት ውሸት ነው። ይቀንሱት፤ ዱሮ እጅዎ ወደሚያውቀው ይመልሱት።